ዘመድ ይዘው መጥተዋል?

ሰው ጀርባ እንዳለው የሚያውቀው ሲያመው ነው። እኔ እስከ አርባ ሁለት ዓመቴ ድረስ ጀርባዬን የማውቀው ኮቴን የምሰቅልበት ነገር አድርጌ ነበር። ፊቴን በመስታወት አየዋለሁ፣ ሆዴን ሳልፈልግም አየዋለሁ። ጀርባዬን ግን ሐሜቱም የሚመጣው በዚያው በኩል ስለሆነ ለሰው ትቼለት ነበር። አንድ ማክሰኞ ቀን በምሠራበት መዝገብ ቤት ከታችኛው መደርደሪያ ፋይል ላነሣ ጎንበስ አልኩና ቀና ማለት አቃተኝ። እንደጎበጥኩ አለቃዬ ገባ፤ እጅ የነሣሁት መሰለው። «ጓድ፣ ይኼ የፊውዳል ልማድ ቀርቷል» አለኝ። ቀና በል ብሎ ግን አላስገደደኝም።

ጀርባውን ያመመው ሰው ልደታ ውስጥ ሐኪም አያጣም። ግቢያችን ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ወረድ ብሎ ነው፤ ስድስት ቤት፣ አንድ የውኃ ቧንቧና አንድ ምርመራ አለው። ምርመራው «ብርድ ነው» ይባላል። ጥርስህን ቢያምህ ብርድ ነው፣ ሆድህ ቢነፋ ብርድ ነው፣ ከጣሪያ ወድቀህ እግርህ ቢሰበር እንኳ «ድሮም ብርድ ገብቶበት ነበር» የሚል አይጠፋም። አንዱ ፌጦ ብላበት አለኝ፣ አንዱ በነጭ ሽንኩርት ታሽ አለኝ። ሁለቱንም አደረግኩ፤ ውጤቱ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው አጠገቤ መቀመጥ መተዉ ብቻ ነው።

ባለቤቴ ዘነበች እንዲህ ያለ ወሬ አትወድም። ዘነበች የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ናት። ሐሙስ ሐሙስ በቀበሌው አዳራሽ እናቶችን ሰብስባ ስለ ንጽሕናና ስለ ጎጂ ልማድ ታስተምራለች። እንጥል ማስቆረጥ፣ ክታብ ማሰር፣ ጨሌ መያዝ፣ ሁሉንም በስም እየጠራች ታወግዛለች። አንዲት እናት «ታዲያ ልጄ፣ ሲያመን ምን እንያዝ?» ቢሏት «ሳይንስ» ብላ መልሳለች ይባላል። እኔንም በሳይንስ ያዘችኝ። አሮጌ ጋቢ ቀድዳ፣ አራት እጥፍ አድርጋ፣ መሃሉን ጥጥ ሞልታ ወገቤን የሚጠመጥም መቀነት ሰፋችልኝ። አከርካሪዬ ላይ በሚያርፈው በኩል ጠጠር ያለ ነገር ነበረው።

«ይኼ ምንድነው?» አልኳት።

«ድጋፍ ነው» አለች፣ መርፌዋን ከአፏ ሳታወጣ።

በዚያ ዘመን ድጋፍ ብዙ ነበር፤ ሰልፉም የድጋፍ፣ ደብዳቤውም የድጋፍ። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ አይበረክትም። ስለዚህ ታጠቅኩት፣ ዋልኩበት፣ ተኛሁበት።

ሁለት ወር አለፈና ሕመሙ ወደ ግራ እግሬ ወርዶ ያደነዝዘኝ ጀመር። ከቀበሌ ደብዳቤ አጽፌ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ ከአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሰልፍ ላይ ሁለት ቀን ተመላልሼ በሦስተኛው ቀን ራጅ ክፍል ገባሁ። ራጅ አንሺዋ መልከ መልካም ወጣት ነበረች። መልኳን ያነሣሁት ለወሬ ማጣፈጫ አይደለም፤ የመከራዬ ሁሉ መነሻ ስለሆነ ነው።

«ሸሚዙን ያውልቁ። ሱሪውንም ዝቅ ያድርጉት፣ ቁልፉ ብረት ነው» አለች። አደረግኩ።

«መቀነቱንም።»

እዚህ ላይ አንባቢን ይቅርታ እየጠየቅኩ ስለ ሙታንታዬ መናገር ግድ ሆኖብኛል። በዚያ ዓመት የሙታንታ ላስቲክ ከከተማው ጠፍቶ ነበር። ለምን እንደጠፋ አልተነገረንም። የጠፋ ነገር ሁሉ አሻጥረኛ ነጋዴ ደብቆት ነው ይባል ስለነበር፣ አንድ ቦታ አንድ አሻጥረኛ በላስቲክ ክምር ላይ ተንጋሎ እየሳቀብን እንደሆነ አምነን ዝም አልን። የእኔ ሙታንታ ላስቲኩ ከሞተ ዓመት አልፎታል። በወገቤ ላይ ያቆመው ያ መቀነት ብቻ ነበር። መቀነቱ ከወረደ እሱም ይከተላል። እኔ ደግሞ በመሥሪያ ቤታችን የውይይት ክበብ ምክትል ሊቀመንበር ነኝ፤ ስለ ሰው ልጅ ክብር ሦስት ጊዜ ንግግር አድርጌያለሁ።

«ጨርቅ ብቻ ነው፤ ብረት የለውም» አልኩ በስብሰባ ድምፄ።

ልጅቷ አየችኝ፣ ደጅ ያለውን ሰልፍም አየች፣ ተነፈሰች። «እሺ፣ ይተኙ። ለአንድ ሰው አንድ ፊልም ነው። የጎን አናነሣም፣ ፊልም የለም» አለች። ጨርቅ በራጅ እንደማይታይ እሷም እኔም እናውቃለን፤ አልተሳሳትንም። አይተንፍሱ ስትለኝ አልተነፈስኩም፣ ይተንፍሱ ስትለኝ ተነፈስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ታዛዥ የሆንኩበት ጊዜ የለም፤ ከመቀነቱ በቀር።

በማግስቱ ዶክተሩ ፊልሙን መብራት ላይ ሰካው። ወፍራም መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ነው። ካንዱ አጥንቴ ላይ የኮክ ፍሬ የምታክል ነጭ ነገር ትታያለች። ዶክተሩ ቀረብ ብሎ አየ፣ ራቅ ብሎ አየ። እግሬን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ ጠየቀኝ።

«ዘመድ ይዘው መጥተዋል?»

ይህችን ጥያቄ የአገሬ ሰው ያውቃታል። እኛ ዘንድ ክፉ ዜና ለባለቤቱ አይነገርም። ሰው ወንድሙ ሞቶበት ሳምንት ሙሉ ሲስቅ ይሰነብትና አንድ ጎሕ ላይ ጎረቤት ሁሉ ነጠላ አዘቅዝቆ በሩን ያንኳኳል። ሐኪሙም የእኛው ልጅ ስለሆነ በሽታህን ላንተ አይነግርህም፤ ለዘመድህ ነው የሚነግረው፣ ዘመድህም ይደብቅሃል። «ዘመድ ይዘው መጥተዋል?» ከተባልክ እንግዲህ መሬትህን አስለካ ማለት ነው። መሬት ደግሞ ተወርሷል።

«ብቻዬን ነኝ። ለእኔው ቢነግሩኝስ?» አልኩ።

«የሚያሳስብ ነገር የለም» አለ ፊቴን ሳያይ። «የፊታችን ማክሰኞ አንድ የቅርብ ሰው ይዘው ይምጡ።»

ለዘነበች ልነግራት አልፈለግኩም። ሁለት ሴት ልጆች አሉን፣ ሥራ አለባት፤ እኔ በሰላም እስክሞት ድረስ ለምን ትጨነቅ ብዬ ነው። ወንድሜ ያለው ጅማ ነው። ስለዚህ አጎት ተዋስኩ። ጋሽ ደምሴ የግቢያችን ትልቅ ሰው ናቸው። ሰንጋ ተራ በእውነት የሰንጋ ገበያ በነበረበት ዘመን የከብት ነጋዴ ነበሩ፤ አሁን የዕድራችን ሊቀመንበር ናቸው። የመረጥኳቸው ምስጢር ይጠብቃሉ ስለሚባል ነው። ይህን የሚናገሩት ግን እሳቸው ራሳቸው እንደነበሩ ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

ማክሰኞ ጋሽ ደምሴ የበዓል ኮታቸውን ለብሰው «አጎቱ ነኝ» ብለው ገቡ። በሩ ተዘጋ። ሲወጡ ዐይናቸው በርበሬ መስሏል።

«ምን አለዎት ጋሼ?»

«ምንም። ብርድ ነው።»

«ብርድ ብቻ?»

«ብርድ ነው አልኩህ እኮ ልጄ። ና፣ ክንዴን ያዝ።» ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰንጋ በዱላ ሲነዱ የኖሩ ሰውዬ እኔን እንደ ብርሌ ይዘው አስፋልቱን አሻገሩኝ። ግቢያችን በር ላይ ስንደርስ «ሆድ ይፍጀው» ሲሉ ሰማሁ፤ ለራሳቸው ነው። ሆዳቸው ግን እስከ እራት አልፈጀውም። ለሚስታቸው ብቻ ነገሩ። ሚስታቸውም ለአንድ ሰው ብቻ ነገሩ። ልደታ ሙሉ የሰማው እንዲህ አንድ ለአንድ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ዳቦ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ ከፊቴ ያለችው ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝና «ጋሼ፣ ይቅደሙኝ» አለችኝ። ይህን ዝም ብላችሁ አትለፉት። የእኛ ሰፈር የዳቦ ሰልፍ ምጥ የያዛትን ሴት «ወልደሽ ነይ፣ ተራሽን እንጠብቅልሻለን» ያለ ሰልፍ ነው። እኔን ግን አንዱ ለሌላው እያቀበለ ከኋላ ወደ ፊት አደረሱኝ። ዳቦ ሻጩ ትኩሱን መርጦ ሰጠኝ። ዶክተሩ ያልነገረኝን ያ ዳቦ ነገረኝ።

ቤት ስገባ ዘነበች ሻይ ቀዳችልኝና ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመረችበት። የወሩ ራሽናችን ከጣሳዋ ግማሽ አይሞላም። ዐይኗ ቀልቷል።

«ምነው?» አልኳት።

«ሽንኩርት ስከትፍ ነው።»

ሽንኩርት ከቤታችን ከጠፋ ሳምንት ሆኖታል። «እንግዲህ ዶክተሩ ብርድ ነው ብሎኛል» አልኳት። «አዎ፣ ብርድ ነው» አለች፣ ገና ሳልጨርስ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷ እኔ እንዳልሰማ፣ እኔ እሷ እንዳትሰማ ስንጠባበቅ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰላዮች ሆንን።

ሌላው ሁሉ ግን ደግ ሆነ። ደግነቱ ሊገድለኝ ደረሰ። ከሦስት ዓመት በፊት መጥረቢያዬን የተዋሰ ጎረቤት ስሎ መለሰልኝና «ይቅር በለኝ» አለ። የቀበሌው ተራ አውጪ ከሌሊት ጥበቃ ስሜን ሰረዘው። በውይይት ክበባችን ሊቀመንበሩ ብድግ ብሎ ስለ ታታሪነቴ ሲናገር ስሰማ፣ ይህን ሁሉ የሠራሁት መቼ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ጭብጨባ ሆነ። ዓመት ሙሉ ሂስ ሲያወርድብኝ የኖረው ሰው እንባውን ጠረገ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ከቤቴ ስወጣ የዕድሩ ድንኳን ግቢያችን ውስጥ ተዘርግቷል።

«ሻጋታ እንዳይበላው ፀሐይ እናስመታው ብለን ነው» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ፀሐይ የሚመታ ድንኳን አይለካም። እኔ ግን አንዱ ጫፉን በእኔ በር፣ አንዱን በውኃ ቧንቧው በኩል ይዘው «ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል» ሲባባሉ ሰምቻለሁ። ለቀስተኛው የት እንደሚቀመጥ ሳያሳስበኝ አልቀረም፤ ቧንቧው በኩል ጭቃ ነው።

በዚያው በተሰበሰቡበት «እስቲ ያን ፎቶህን አምጣው» አሉኝ። ፊልሙን ሌላ ሐኪምም ይየው ተብሎ በእጄ ተሰጥቶኝ ነበር። አመጣሁት። በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሰቀሉት፤ ፀሐይ ከኋላው ሆነች። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ጎድኔን ቆጥራ «ከአዳም ይበልጣል» አለች። አንዱ የሆዴን ጋዝ አይቶ ልቤ እንደሆነ ነገረኝ፤ ባዶ ነው አለ። ነጯን ነገር ግን ሁሉም አይተው ሁሉም እንዳላየ አለፏት። ዘነበች መጥታ ቆመች። ትክ ብላ አየችና እጇን አፏ ላይ ጭና ወደ ቤት ገባች።

ጋሽ ደምሴ ፊልሙን ናቁት። «እኔ ፎቶ አላውቅም። ሰንጋ ስገዛ በእጄ ነው የማየው። ዙር እስቲ» አሉኝ። ዞርኩ። ሸሚዜን ገልበው መቀነቱን ወደ ታች ገፋ አደረጉና ከማጅራቴ ጀምረው አጥንት በአጥንት እየተጫኑ ወረዱ። እንደ እውነቱ ከሆነ እንደዚያ በጥንቃቄ የመረመረኝ ሰው የለም፤ ጥርሴን ይዩልኝ ብዬ ልጠይቅ ሁሉ ከጅሎኝ ነበር።

«እዚህ ጋ?»

«ትንሽ።»

«እዚህስ?»

«ደህና ነው።»

«አይ፣ የለም» አሉ ቀና ብለው። «ሰንጋ እዚህ ላይ ችግር ካለው ገና እጄን ሳሳርፍ ወገቡን ሰብሮ ይሸሻል። አንተ ቀጥ ብለህ ቆመሃል። ዕጢ የለህም።»

ቃሏ ከአፋቸው ወጣች። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ሚስታቸው በክርናቸው ጎሸሟቸው። «ማለቴ ብርዱ ነው፣ ብርዱ ወጥቷል» አሉ ጋሽ ደምሴ፤ ግን ዘገዩ። ዕጢ። አከርካሪ ላይ። ሲወራ ከሰማሁት ሁሉ የዚህ መጨረሻ አልጋ ነው፤ መጀመሪያ እግር፣ ከዚያ ሌላው። ሊሸሽጉኝ ሲሉ የነገሩኝን ሰውዬ ልቀየማቸው አልቻልኩም፤ ምርመራዬን የሰማሁት ከከብት ነጋዴ ነውና ቢያንስ ሰልፍ አልጠበቅኩም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዶክተሩ የነገሩን መጠን ልይ ብሎ ዳግመኛ ራጅ አዘዘ። በመሃሉ ዘነበች መቀነቱን አጥባና አድሳ ሰፍታልኝ ነበር። ስታጠቀው ከበደኝ። ሰው ሲታመም ልብሱም ይከብደዋል ሲባል ሰምቻለሁና አንድ ደረጃ ወረድኩ ብዬ አዘንኩ። ራጅ አንሺዋ ያችው ናት፤ ላስቲክም እንደጠፋ ነው። «ጨርቅ ነው» አልኩ። «አውቃለሁ» አለች።

ፊልሙ ሲወጣ ነጯ ነገር ሦስት ሆናለች።

ዶክተሩ መነጽሩን ሦስት ጊዜ ጠረገ፤ ለእያንዳንዷ አንድ ጊዜ መሰለኝ። ሌላ ዶክተር ጠራ። ያኛው ደግሞ ተማሪዎች ጠራ። ፊልሙን እያዩ እኔን ያያሉ፣ እኔን እያዩ ፊልሙን ያያሉ። አንዱ ተማሪ «በሦስት ሳምንት!» ሲል በፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ ለሌላ ነገር ቢሆን ኖሮ እኔም ደስ ባለኝ ነበር። በመጨረሻ ዶክተሩ አስቀመጠኝ።

«ለማረጋገጥ ያህል አንድ ምርመራ አለ» አለኝ። «በወገብዎ አጥንት መሃል መርፌ አስገብተን ቀለም እንጨምራለን። ከዚያ አልጋውን እያዘቀዘቅን ቀለሙ ወርዶ የት እንደሚቆም በራጅ እናያለን። ነገሩ ካለ መንገድ ይዘጋበታል።»

«ከተዘጋበትስ?»

«ያኔ እናወራለን። ቀለሙ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ እስከሚቀጥለው ማክሰኞ ይጠብቁ።»

ማውራት ቀርቶ ማሰብም አልተመቸኝም፤ ግቢያችን ቀድሞኝ አሰበልኝ። ጀርባውን የተወጋ ሰው አይነሣም አሉ። የእገሌ አማች ተወግቶ ይኸው በወንበር ነው አሉ። የእገሌ አማች ግን ድሮም ከወንበር የማይነሣ ሰነፍ እንደነበር ማንም አላነሣም።

ቀልዱን ልተወውና፣ ፈራሁ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዘነበች በረንዳ ላይ ተቀምጣ የትንሿን ልጃችንን ፀጉር ትጎነጉናለች። ትልቋ ማበጠሪያ ይዛ ተራዋን ትጠብቃለች። እኔ አልጋ ላይ ሆኜ በበሩ ክፍተት አያቸዋለሁ። ዘነበች ብቻዋን ዳቦ ሰልፍ ላይ ቆማ ታየችኝ። እሷን ማንም አያስቀድማትም፤ ሰልፍ የሚሞተውን እንጂ ባሏ የሞተባትን አያውቅም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩና አለቀስኩ። ዘነበች ገብታ አየችኝ።

«ምነው?»

«ጀርባዬ ነው።»

አጠገቤ ተቀመጠች። «ማክሰኞ እኔ ነኝ አብሬህ የምሄደው» አለች።

«አይ፣ ጋሽ ደምሴ...»

«ጋሽ ደምሴ አጎትህ አይደሉም» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። በዚሁ ስለላው አበቃ። መቀነቴን በጣቶቿ ዳበሰችው፣ ከቦታው መሆኑን ለማየት ይመስል።

ማክሰኞ ዘነበች ደጅ ቀረች፣ እኔ ገባሁ። በዚህኛው ክፍል ያለችው ወጣቷ ራጅ አንሺ ብቻ አይደለችም፤ ሰፊ ትከሻ ያላቸው አንዲት ሲስተርም አሉ።

«ሁሉንም አውልቅ» አሉኝ።

«መቀነቱ ጨርቅ...»

«ሁሉንም አልኩህ።»

«ሲስተር፣ ላስቲኩ...»

«ልጄ፣ እኔ ያላየሁት ሙታንታ የለም» አሉና ከኋላ የሚታሰር ነጭ ቀሚስ ወርውረውልኝ ዞሩ። ከወር በላይ የተከላከልኩት ምሽግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ወደቀ። መቀነቱን ወንበር ላይ አኖርኩ፤ ሙታንታዬም ቃሉን ጠብቆ ተከተለ። ብርዳማው ጠረጴዛ ላይ በሆዴ ተኛሁ። መርፌው ከመግባቱ በፊት ቦታውን ለማወቅ አንድ ፊልም ይነሣል ተባለ፤ ተነሣ። ዶክተሩ መርፌውን አዘጋጀ። እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የውይይት ክበቡ ምክትል ሊቀመንበር አቡነ ዘበሰማያትን አጋምሶ ሳለ ልጅቷ ውኃው የሚንጠባጠብ ፊልም ይዛ ገባች።

«ዶክተር፣ የለም።»

«ምኑ?»

«አንዱም።»

ዶክተሩ አየ። እንደገና አንሺ አለ። በጎንም አንሺ አለ፤ በመጨረሻ ለጎኔም ፊልም ተገኘለት። የለም። አከርካሪዬ ከላይ እስከ ታች ባዶ፣ ንጹሕ፣ ተራ አጥንት ነው። ዶክተሩ ደስ እንዲለው ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን ተማሪዎቹ ፊት ምን እንደሚል የሚያስብ ሰው ፊት ነበረው። ዐይኑ ክፍሉን ዞሮ ዞሮ ወንበሩ ላይ ያረፈው መቀነት ላይ ደረሰ። አነሣው። በጣቱ ዳበሰው።

«ያለፉትን ሁለት ጊዜ ይህን ታጥቀው ነበር?»

ልጅቷ እኔን አየችኝ፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ሙታንታውን የደበቀ ምን እንደሚያገኘው ግን አበው አልተናገሩም።

ዶክተሩ መቀነቱን እኔ በተኛሁበት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ራጅ እንዲነሣ አዘዘ። ልጅቷ ከልማድ የተነሣ «አይተንፍሱ» አለችው። መቀነቱም አልተነፈሰም። ፊልሙ ሲወጣ ሦስቱም ዕጢዎቼ በሰልፍ ተቀምጠውበታል። ዶክተሩ መቀስ ይዞ ስፌቱን ተረተረው። በፌስታል ቁራጭ የተጠቀለሉ፣ ደርቀው የጠነከሩ ሦስት የጭቃ ድብልብሎች ወጡ። በአንደኛው ላይ የጧፍ ፍርፋሪ ተጣብቋል። ያን ጭቃ አውቀዋለሁ፤ ልደታ ተወልዶ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከማርያም ጸበል ሥር ለፈውስ የሚዘገን ነው። የመጀመሪያዋን ዘነበች መቀነቱን ስትሰፋ ጨምራለች። ወሬውን ስትሰማ ሁለት ጨመረች። በሽታው በከፋ ቁጥር መድኃኒቱ ይጨምራል፣ መድኃኒቱ በጨመረ ቁጥር በሽታው ይከፋል። አንድ ሳምንት ብንቆይ ኖሮ አምስት ዕጢ ነበረኝ።

«ጓድ፣ የታመመው መቀነትዎ ነው» አለ ዶክተሩ። «እግርዎ የደነዘዘውም ምናልባት እነዚህ ላይ ሲተኙ ከርመው ነው። ጀርባዎ የሥራ ሕመም ነው፤ ጎንበስ ብለው ከባድ ነገር አያንሡ፣ ጠንከር ያለ ፍራሽ ላይ ይተኙ።» መነጽሩን አወለቀ። «ዘመድ ይዘው መጥተዋል?»

«ባለቤቴ ደጅ ናት።»

«ይግቡልኝ።»

ዘነበች ገባች፣ እኔ ልብሴን ለብሼ፣ ሙታንታዬ እንዳይወርድ ሱሪዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። በሩ ተዘጋ። ኮሪደር ላይ ቆሜ ንግግር አዘጋጀሁ። የሴቶች ማኅበር ጸሐፊ፣ የጎጂ ልማድ ጠላት፣ ሳይንስ ያዙ ያልሽው ጓዲት ሆይ፤ አንድ ወር ሙሉ በቁሜ አስለቀስሽኝ፣ ድንኳን አስለካሽብኝ፣ ጀርባዬን በመርፌ ልታስወጊኝ ነበር። ሦስት ዐቢይ ነጥቦች ነበሩት፣ መደምደሚያም ነበረው። ይህ ወሬ ቀበሌ ቢደርስ አዳራሹ ውስጥ አቁመው ግለ ሂስ እንደሚያስወርዷት አውቃለሁ፤ ያንንም በሁለተኛው ነጥብ ሥር አስገባሁት።

በሩ ተከፈተ። ዘነበች መቀነቱን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛለች። ዐይኗ በርበሬ መስሏል።

«ምን አለሽ?» አልኳት።

«ምንም» አለች። «ብርድ ነው።»

ንግግሬ ሁሉ ጠፋኝ። ይህቺ ሴት የምታስተምረውን ሁሉ ለእኔ ስትል በጨለማ ትታው ነበር፤ ሳይንሱም እንዳይቀርብኝ፣ ማርያምም እንዳትቀርብኝ። ሳቅኩ። እሷም መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች። ሱሪዬን በአንድ እጄ፣ እሷን በአንድ እጄ ይዤ ወደ ልደታ በእግራችን ወረድን።

ግቢው በሙሉ በር ላይ ይጠብቀናል። «እንዴት ሆነ?» አሉ።

«ብርድ ነበር» አልኩ። «ወጥቷል።»

«እጄ አይሳሳትም ብዬ ነበር» አሉ ጋሽ ደምሴ። ድንኳኑ በዚያው ሳምንት ተጣጥፎ ተቀመጠ። አንዳንዶች ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ፤ ያን ሁሉ ለክተው። በማግስቱ ዳቦ ሰልፍ ላይ ከልማዴ ወደ ፊት ራመድ ስል ያችው ያስቀደመችኝ ሴትዮ በክርኗ መለሰችኝና «ተራህን ያዝ» አለችኝ። ከሐኪሙ ይልቅ መዳኔን ያመንኩት ያን ጊዜ ነው። ሻዬም ወደ አንድ ማንኪያ ተመለሰ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ብርድ ሲሆን ጀርባዬን ወጋ አደረገኝ። ዘነበች ሳትናገር መቀነቱን አመጣችና ራሷ አስታጠቀችኝ። ታጥቧል፣ አዲስ ስፌት አለው፤ ቀልሏል። ወደ ሐሙስ ስብሰባዋ ስትወጣ እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ዳበስኩት።

አንዷን ብቻ ትታልኛለች። ወደ ጎን፣ አጥንት የማይነካ ቦታ ላይ። ሸሚዜን ወደ ሱሪዬ ከተትኩና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።